«ማክሰኞ 12፡30 ኤኤም» የቱ ሌሊት ነው?

ሰላም የጎንደር ልጆች። እማዬ ከአዘዞ ተነስታ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይራ ወደ ቶሮንቶ ልትመጣ ነው። ወንድሜ በላከልን መልእክት የቦሌው በረራ «ማክሰኞ 12፡30 ኤኤም» ይላል። እሷ ማክሰኞ ማታ ነው ትላለች፤ እኔ ማክሰኞ እኩለ ቀን መስሎኛል። የአገር ውስጡን ትኬት ለማክሰኞ ጠዋት ቆርጠናል።

መልስ፦
እታለም፣ ሁለታችሁም ስታችሁታል። ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል። እናትሽ ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት አለባቸው። ማክሰኞ ጠዋት ከአዘዞ ሲነሱ ያ አውሮፕላን ሄዷል።

ኤኤም በላቲን «ከቀትር በፊት»፣ ፒኤም «ከቀትር በኋላ» ማለት ነው። ቀትር ራሱ እንግዲህ ከየትኛው ይመደባል? ከሁለቱም አይደለም! እንዲያው በልማድ 12 ፒኤም ቀትር፣ 12 ኤኤም እኩለ ሌሊት ሆነው ቀሩ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ያምታቱታል፤ ጠንቃቆቹ «ኑን» ወይም «ሚድናይት» ብለው ይገላገላሉ። ሚድናይትም ቢሆን የየትኛው ቀን እንደሆነ ስለማይለይ፣ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ላይ 11፡59 ፒኤም ተብሎ የምታዪው ለዚህ ነው።

የእኛ ሰው 6 ሰዓት መቀነሱን አይስትም። የሚያስተው ቀኑ ነው። እኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ የፈረንጅ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። እናትሽ «የማክሰኞ ሌሊት» ሲባሉ ማክሰኞ ውለው አምሽተው የሚገቡበትን ሌሊት ቢያስቡ አልተሳሳቱም፤ ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው። ወደ ጎንደር ሲጻፍ ኤኤም ፒኤሙን ተዉትና «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» በሉ። እንግሊዝኛው ይህን የመሰለ የጠራ አነጋገር ያለው አይመስለኝም። የወሩ ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ሌላ መልስ፦
ቦሌ ሲደርሱ ለመደወል ደግሞ የቶሮንቶን ልዩነት አስቢ። ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የኛ ሰዓት አይነካም፤ የምትለዋውጠው ቶሮንቶ ናት።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአዘዞውን ትኬት ወደ ሰኞ ጠዋት እንዲያስለውጥ ለወንድሜ ደውያለሁ። እማዬ ግን «ታዲያ ሰኞ ነው አይልም ነበር?» ብላ ተቆጥታዋለች።