ባትሪ አዳሽ ነኝ፤ እርድና ሽፈራው ከሊድ ያድነኛል?

ባለባትሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የመኪናና የባጃጅ ባትሪ አድሳለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የሞተ ባትሪ እፈታለሁ፣ ፕሌቱን አወጣለሁ፣ እርሳስ (ሊድ) አቀልጣለሁ። ከተጋባን ሦስት ዓመት አለፈን፤ ልጅ ግን እምቢ አለ። ባለቤቴ ተመርምራ ደህና ናት። እኔ ባለፈው ወር ስመረመር በሚሊ ሊትር 9 ሚሊዮን ስፐርም፣ የሚንቀሳቀሰው 22 በመቶ ተባልኩ። ሐኪሙ ሥራዬን ሲሰማ «ሊዱ ሊሆን ይችላል» አለኝ። አንድ ሰው እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው የተቀላቀለበት ዱቄት «ሊዱን ጠርጎ ያወጣዋል» ብሎ በወር 1,800 ብር ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛ? ሥራውን መተው አልችልም፣ እንጀራዬ ነው። ማታ ማታ ወተት እጠጣለሁ፤ እሱስ ይረዳል?

የላብራቶሪ ሰው፦
ወንድሜ፣ በአንድ ወረቀት አትደንግጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ ልክ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ እንቅስቃሴው 42 በመቶ ነው። ያንተ ከዚያ በታች ነው፤ ግን በመሀል ወባ ወይም ኃይለኛ ትኩሳት ይዞህ ከነበረ እሱም ያወርደዋል። ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅበህ ድገመው። ቫሪኮሴል የሚባለውን፣ የቆለጥ ደም ሥር ማበጥ፣ ሐኪሙ በእጁ ይይልህ። ልጅ እምቢ ያላቸው ወንዶች ላይ በብዛት የሚገኝ ነው፤ መታከምም ይችላል። ከዚያ የደም ሊድ ምርመራ። በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ከሞላ ከየት እንደመጣ መፈለግ አለበት። ከ40 ካለፈ ደግሞ ስፐርም እንደሚቀንስ ሠራተኞች ላይ ታይቷል።

ፋርማሲስቷ፦
ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ወሬው ነው የበዛበት። ሊድና ካድሚየም የሚባለው ሌላ መርዛማ ብረት ቆለጥ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ነገሮችን ያበዛሉ። የስፐርም ሽፋን ስስ ቅባት ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል፣ ጅራቱም ይደክማል። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን፣ የጥቁር አዝሙዱ ታይሞኪኖን፣ የቀይ ሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን ይህን ጉዳት ሲያበርዱ ታይተዋል። የታየው ግን በአብዛኛው አይጥ ላይ ነው። አይጡ ብዙውን ጊዜ ሊዱንም ዕፁንም አንድ ላይ ነው የሚሰጠው፤ አንተ ግን ዘጠኝ ዓመት ቀድመሃል። ኩርኩሚን ደግሞ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው።

ለአንተ የሚቀርበው ነጭ ሽንኩርት ነው። ኢራን ውስጥ የመኪና ባትሪ ሠራተኞች 4 ሳምንት የነጭ ሽንኩርት ክኒን ወስደው የደም ሊዳቸው ቀንሷል። ስፐርማቸው ግን አልተቆጠረም። ሊድ አጥንት ውስጥ ገብቶ አሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ ከዚያ ጠርጎ የሚያወጣ ዱቄት አላውቅም። ሊድ የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ፣ እነሱን ሐኪም ብቻ ነው የሚያዘው። ደግሞ «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚልህ የጥጥ ፍሬ ውስጥ ያለውን ጎሲፖል ንገረው። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወንድ የወሊድ መከላከያ ሊያደርጉት ሞክረው ነበር!

እናት ቅመም፦
ልጄ፣ የተፈጨ እርድ ከማታውቀው ሰው አትግዛ። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች ሥሩ እንዲያምር ሊድ ክሮሜት የሚባል ቢጫ ቀለም ሲቀቡት ተደርሶባቸዋል። ሊድ ሽሽት ሊድ መብላት ይሆናል። እኔ እንኳ ከመጠን በላይ የሚያበራ እርድ ሳይ አልፈዋለሁ። ሽፈራው ቅጠሉን ቀቅለህ ብላ፣ ምግብ ነው።

የድሮ ባትሪ ሠራተኛ፦
እኔም በዚሁ ሥራ ጡረታ ወጣሁ፣ ስለዚህ ስማኝ። ወተቱ ሳንባህ የሳበውን አያወጣም። ካልሲየምና ብረት ያነሰው ሰው ሊድ አብዝቶ ስለሚስብ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ለዚያ ወተቱም የጤፍ እንጀራውም ጥሩ ነው። ማታ ሳይሆን ጠዋት ከሥራ በፊት ብላ፤ ባዶ ሆድ ሊድ ይስባል።

ዋናው አቧራው ነው። ፕሌት ስትሰብር ውሃ እየረጨህ ስበር። በደረቅ መጥረጊያ አትጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። ማቅለጫውን ደጅ አውጣው። በኮሮና ጊዜ ያደረግነው የጨርቅ ማስክ ከንቱ ነው፤ ማጣሪያ ያለው ግዛ፣ የዱቄቱ 1,800 ብር ለዚያ ይዋል። ሱቅ ውስጥ ሻይ፣ ሲጋራ፣ ቆሎ የለም። ሲጋራ ራሱ ካድሚየም አለው። የሥራ ልብስና ጫማ ቤት አይገባም፤ ሚስትህ ነገ ብታረግዝ ፅንሱንም ይጎዳል።

አቶ ችኩል፦
እኔ ያንን ዱቄት ሁለት ወር ወሰድኩ። ሆዴን አመመኝ፣ በቃ።

የላብራቶሪ ሰው፦
አንድ ነገር ረስቼ። ስፐርም ተሠርቶ ለመውጣት ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ዛሬ አቧራውን ቀንሰህ በወሩ አትቁጠር።

ባለባትሪው፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ። ዱቄቱን ተውኩት። ዛሬ በር ላይ ጀሪካን ውሃና ሳሙና አስቀመጥኩ፣ ረዳቴ «ሆቴል ልትከፍት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እጄን ስታጠብ የወረደው ውሃ ጥቁር ግራጫ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት በዚህ እጅ ነው እንጀራ የቆረስኩት። ሰኞ ደም ልሰጥ ነው። ረዳቴ 17 ዓመቱ ነው፣ እሱንም ላስመርምረው?

የድሮ ባትሪ ሠራተኛ፦
አብራችሁ ሂዱ።