38 ዓይነት ተክል አለኝ፤ ግቢው ግን አያምርም

ቢጫ ባልዲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሳቃችሁ በፊት ልናዘዝ። ችግኝ አይቼ ማለፍ አልችልም። ሦስት ዓመት ሙሉ ባየሁ ቁጥር አንድ ይዤ ገባሁ። ትናንት ደብተር ይዤ ወጥቼ ስቆጥር 38 ዓይነት ሆኑ። ከአብዛኞቹ ያለኝ አንዳንድ እግር ብቻ ነው።

ጓሮው 9 ሜትር በ14 ሜትር ነው። ከበሩ ተነስቶ መሀሉን ሰንጥቆ የሚሄድ የሲሚንቶ መንገድ አለ። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ መድረሻው ግንብ። በግራ በኩል ጥግ ላይ የውሃ ታንከር ቆሟል፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት ልክ ፊት ለፊት። ዕቃ ባጠብኩ ቁጥር የምንተያየው እሱና እኔ ነን።

ተክሎቹ አልታመሙም። አንድ በአንድ ስታዩዋቸው ያምራሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ገበያ የወጡ ሰዎች ይመስላሉ፤ ማንም ማንንም አያውቅም። ባለቤቴ «ችግኝ ጣቢያሽ» ነው የሚለው።

እኔ የምፈልገው ረጋ ያለ፣ ገብተው ሲቀመጡበት ትንፋሽ የሚመልስ ግቢ ነው። ከምን ልጀምር? ከአበባው ቀለም? ወይስ ሁሉንም ነቅዬ እንደ አዲስ?

ነጭ ወዳድ፦

ቀለም ቀንሺ! እኔ ብሆን ነጩን ብቻ ነበር የማስቀረው። እንግሊዝ አገር ሲሲንግኸርስት በሚባለው ቦታ ነጭ አበባ፣ አረንጓዴና ግራጫማ ቅጠል ብቻ ያለበት የታወቀ የአትክልት ስፍራ አለ። ፎቶውን ፈልገሽ እዪው። ደግሞ ነጭ ሲመሽም ይታያል። ቀዩን ግን ጨለማ ቀድሞ ነው የሚውጠው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ ማታ ለሚገባ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቀይና ብርቱካናማውን ለጎረቤት ስጪና ተገላገይ።

ሲባጎና ችካል፦

ነጭ ወዳድ፣ ስለ ምሽቱ ልክ ነህ። ግን ያንን ፎቶ አንተም ደግመህ እየው። ነጩን ሰብስቦ የያዘው ተከርክሞ የቆመው አረንጓዴ አጥር ነው። አበባው ሁሉ ቢታጨድ እንኳ ቅርጹ ይቀራል። የቢጫ ባልዲን 38 ተክሎች ነቅለን 38 ዓይነት ነጭ ብንተክል፣ ያው ገበያው ነጭ ለበሰ ማለት ነው።

እህቴ፣ እኔ በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት። ከአካፋ ይልቅ ሲባጎ ይዤ የዋልኩበት ቀን ይበዛል። አንቺ ጋ የጠፋው ባዶ ቦታ ነው። ዓይን የሚያርፍበት፣ ምንም የሌለበት፣ ግን ቅርጽ ያለው ባዶ። እስካሁን ተክሉን ስትተክዪ ነበር፤ ባዶው ደግሞ ከዚያ የተረፈው ሆነ። ገልብጪው። መጀመሪያ ባዶውን ሥሪ፣ ተክሉ በተረፈው ይግባ።

እንዲህ አድርጊ። ነገ ጠዋት ሳትወጪ ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ቁሚና ፎቶ አንሺ። ፎቶውን ስልክሽ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ሁሉም እንደተበተነ ጤፍ ብጥስጥስ ያለ ግራጫ ከሆነብሽ፣ ችግሩ ቀለም እንዳልነበረ ታያለሽ። ከዚያ አሳትሚውና ላዩ ላይ ስስ ወረቀት አድርገሽ የምትመኚውን በእርሳስ ሳዪበት። ይህን ብልሃት እኔ አልፈጠርኩትም። ሐምፍሪ ሬፕተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1788 ሥራውን ሲጀምር ለደንበኞቹ የግቢያቸውን ሥዕል ይሠራ ነበር። ሥዕሉ ላይ ተነሺ ክዳን አለው። ክዳኑ ሲወርድ የአሁኑ ግቢ፣ ሲነሳ የወደፊቱ። ሰውየው ብልጥ ነበር፤ ክዳኑን አንዴ ያነሳ ደንበኛ እምቢ ማለት ይከብደዋል።

አሁን ወደ ልኩ። ከቤቱ ግድግዳ 3 ሜትር ለመቀመጫ ንጣፍ ተዪ። ጠረጴዛና አራት ወንበር ሲቀመጥ፣ ሰው ወንበሩን ስቦ ሲነሳ፣ ከዚህ ያነሰ ይጨንቃል። ንጣፉ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በ3 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ በዓይን አይታወቅም፣ ውሃው ግን ያውቀዋል። ቀጥሎ 5 በ8 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ባዶ። ሣር ይሁን ጠጠር ያንቺ ምርጫ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር፣ ከኋላ ሦስት ሜትር ይተርፍሻል። መደቦችሽ እነሱ ናቸው። በየግንቡ ሥር ግማሽ ሜትር መተላለፊያ አስቀሪ፤ አለዚያ ኋላ ያለውን ለመከርከም ፊት ያለውን መርገጥሽ ነው።

አራት ችካል ምቺና ሲባጎ ወጥሪበት። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርጊ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው 5 ሜትር ከሆነ ደርሰሻል። ከዚያ ምንም አትንኪ። አንድ ሳምንት ሲባጎውን እያየሽ ኑሪ። ጥላው ጠዋት የት እንደሚወድቅ፣ ከሰዓት የት እንደሚሄድ እዪ። ሲባጎ ማንሳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲሚንቶ ማንሳት ግን ወገብ ይሰብራል።

መንገዱን በተመለከተ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የመጀመሪያ ግቢዬን ስሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ያምራል ብዬ እንደ እባብ አጣመምኩት። ስፋቱ እንዳንቺው 60 ሴንቲ ሜትር። ጠጠሩን በእጄ ነው የደረደርኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከበሩ እስከ ቧንቧው ቀጥ ያለ የተረገጠ መስመር ሣሩ ላይ ወጣ። ማንም ጠመዝማዛዬን አልተከተለም። እኔ ራሴም አልተከተልኩም! እናቴ ደግሞ ልታይልኝ መጥታ ከኋላዬ እየሄደች፣ «ልጄ፣ ከጀርባህ ጋር ነው እንዴ የማወራው?» አለችኝ። አፈረስኩት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወራ እንዲሄድ 1 ሜትር ከ20 ያስፈልጋል። መንገድ ሲታጠፍም ምክንያት ይኑረው፤ ዛፍ ይዙር፣ ድንጋይ ይዙር። ያንቺን ከመሀል አንስተሽ ወደ ባዶው ቀኝ ጠርዝ ውሰጂው። ግንብ ጋ ሲደርስ አግዳሚ ወንበር ይጠብቀው።

ተክሉ የመጨረሻ ነው። ከ38ቱ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ መከርከም የሚችል አንድ ቁጥቋጦ ምረጪና ግራና ቀኝ ደጋግሚው። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት ዓይነት ጨምሪ፤ እያንዳንዱን በሦስት፣ በአምስት እየሰበሰብሽ። አዲስ መግዛት የለም። ያለሽን ቁረጪና ሥር አስወጪ፣ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ የሚያድገውን ከሥሩ ከፋፍዪ። ስትተክዪ በችግኙ መጠን አትታለዪ፤ ሲያድግ በሚይዘው ስፋት ልክ አራርቂው። ለአንድ ዓመት ሳሳ ብሎ ይታያል። ቻዪው።

ችግኝ አይበቃኝም፦

ጋሼ ሲባጎ፣ ያሉትን ሁሉ ተቀብዬ በአንዱ ግን እጣላለሁ። አንዳንዶቻችን ግቢ የምንወደው ለመቀመጥ አይደለም፤ ለመጎርጎር ነው። አዲስ ቅጠል ሲወጣ ለማየት። ስድስት ዓይነት ብቻ ተክለሽ ተቀመጪ ብትሉኝ በሁለተኛው ሳምንት አብዳለሁ።

ቢጫ ባልዲ፣ እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ከመስኮቱ በማይታይ ጎን 1 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መደብ ለራሴ አስቀረሁ። እዚያ ሕግ የለም። አንዳንድ እግሩ፣ ብርቅዬው፣ ገና ስሙን ያላወቅኩት ሁሉ እዚያ ይገባል። አዲስ ከመጣ አንድ ይወጣል። (ባለፈው ወር ሁለት ገብቶ አንድም አልወጣም፣ ለማንም አትናገሩ።)

ቀለሙን ደግሞ እንዳለ አትጣዪው። ቀይና ብርቱካናማ ወደ ዓይን ይቀርባል፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ይርቃል። ገርትሩድ ጂኪል በዚህ ነው የተጫወተችበት። ሥዕል የተማረች አትክልተኛ ነበረች፤ ዓይኗም ደካማ ነበር። ረጅም መደብ ስትተክል ጫፍና ጫፉን ለስላሳውን ቀለም፣ መሀሉን የሚነደውን ታደርግ ነበር። ላንቺ ጓሮ ቀዩን ወደ ቤቱ አቅርቢ፣ ሰማያዊውን ግንቡ ሥር ውሰጂ። 14 ሜትሩ የረዘመ ይመስላል።

ቢጫ ባልዲ፦

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጥቁርና ነጩን ፎቶ ሠራሁት። ጤፍ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት አንዲት ነገር ተለይታ አትታይም። ተሳሳትኩ፤ አንድ አለች፤ ታንከሯ።

ሲባጎውን ወጥሬ አራት ቀኔ ነው። የሚገርመው ገና ምንም ሳልነቅል መሀሉን በዓይኔ ባዶ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ለመደብ የተረፈውን ሳየው ግን ደነገጥኩ፤ ያን ያህል ሰፊ አልመሰለኝም ነበር። 1 በ3 ሜትሩን ደግሞ አሁኑኑ ምልክት አድርጌበታለሁ። ችግኝ አይበቃኝም፣ እድሜ ይስጥሽ!

አሁን ጥያቄዬ ታንከሩ ነው። ከነመቆሚያው ከፍታው 2 ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከመስኮቱ 12 ሜትር ይርቃል። ዙሪያውን ቀርከሃ ልትከልበት?

ሲባጎና ችካል፦

ቀርከሃውን ቆይ። ሥሩ በመሬት ውስጥ የሚሮጥ ዓይነት ከሆነ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መከላከያ ካልቀበርሽበት ጎረቤት ሄዶ ይበቅላል። ሳይሮጥ ባለበት ተሰብስቦ የሚያድግ ዓይነትም አለ፤ እሱ ይሻላል። ግን ሁለቱም አያስፈልጉሽም።

ሰው ሁሉ የማይወደውን ነገር እሱው ጋ ሄዶ ነው የሚሸፍነው። ወደ ዓይንሽ ቀርበሽ ሸፍኚው። መስኮቱ ጋ ስትቆሚ ዓይንሽ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ላይ ነው እንበል። ታንከሩ ከዓይንሽ በላይ አንድ ሜትር ይተርፋል። ከመስኮቱ 4 ሜትር ላይ፣ ማለትም የርቀቱ ሲሶ ላይ፣ ያ አንድ ሜትር 33 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ እዚያ ቦታ 1 ሜትር ከ83 የሆነ ነገር ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ስፋቱም ወደ ሲሶ ይወርድና ግማሽ ሜትር ይበቃል። አንቺ ስትንቀሳቀሺ እንዳይገለጥ አንድ ሜትር አድርጊው። ቦታው ከንጣፉ አንድ ሜትር አልፎ ግራ መደብሽ ውስጥ ይወድቃል። ሰው የሚያክል አንድ ቁጥቋጦ፣ በቃ።

ሌላም ጥቅም አለው። ጓሮው ሁሉ በአንዴ አይገለጥም። ጃፓን፣ ኪዮቶ ያለው የርዮአንጂ ቤተ መቅደስ የድንጋይ ግቢ 15 ድንጋይ አለው፤ በረንዳው ላይ የትም ብትቀመጪ ግን ቢያንስ አንዱ ይደበቅሻል። ሰው ተነስቶ ትንሽ ፈቅ ብሎ ማየት ይፈልጋል። ያንቺም ግቢ ከቁጥቋጦው ጀርባ ምን እንዳለ ያጓጓ። ታንከር መሆኑን እኛ አንናገርም።

ከመትከልሽ በፊት ግን ሞክሪው። አንድ ሰው አቁሚበት።

ቢጫ ባልዲ፦

አሁን ከመስኮቱ ጋ ሆኜ ነው የምጽፈው። ባለቤቴን 4 ሜትር ለክቼ አቆምኩት። እሱ 1 ሜትር ከ75 ስለሆነ ባልዲዋን ገልብጬ ጭንቅላቱ ላይ ደፋሁለት። ታንከሩ ጠፋ! ጭራሽ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስናደድበት የነበረው ነገር ከአንድ ሰውና ከአንድ ባልዲ ጀርባ ገባ።

ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ስል የታንከሩ ጫፍ ብቅ ይላል፤ አንድ ሜትር ስፋት ያሉት ለዚህ ነው ለካ። እጁን ዘርግቶ እንዲቆም ነግሬዋለሁ። «እስከ መቼ ነው የምቆመው?» እያለኝ ነው። ከ38ቱ ውስጥ ለዚያ ቦታ የሚሆነውን እስክመርጥ።