ፎንዳንት ላይ ጥለት መሳል፦ ቀለሙ አልይዝ አለኝ

የገርጂዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ሆኜ ኬክ እሠራለሁ። ለቅዳሜ የመልስ ኬክ ታዝዣለሁ፤ ባለ ሦስት ደረጃ፣ ነጭ ፎንዳንት (ተዳምጦ ኬኩን የሚያለብሰው የስኳር ሊጥ)። ሙሽሪት የሀበሻ ቀሚሷን ፎቶ ልካልኛለች። ጥለቱ የታችኛው ደረጃ ዙሪያ ላይ በእጅ እንዲሳልላት ትፈልጋለች። አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ እና ወርቃማ ነው።

ቁራጭ ፎንዳንት ላይ ሞከርኩት። ከሱፐርማርኬት የገዛሁት ፈሳሽ ቀለም ፎንዳንቱን አሟሟው፤ እስከ ማታ ድረስ ሲነኩት ይጣበቃል። ጄሉን (ወፍራሙን የምግብ ቀለም) በውሃ ሳቀጥነው ደግሞ መስመሩ ይቆራረጥና እንደ ጤዛ ተሰብስቦ ይቀራል። የትኛውን ቀለም ልያዝ? በምንስ ላቅጥነው? ለወርቃማው መርካቶ አንድ ሱቅ የሚያብረቀርቅ ዱቄት አሳይተውኛል። "መርዛማ አይደለም" ከሚለው ሌላ ምንም አልተጻፈበትም። ልግዛው?

የሃያ ሁለቷ

የኔ እህት፣ ጠላትሽ ውሃ ነው። ፎንዳንት አብዛኛው ስኳር አይደል? ውሃ ሲያርፍበት ይሟሟል። ፈሳሹን ቀለም ለሊጥና ለክሬም ተዪው። ለመሳል ጄል ወይም ዱቄት ቀለም በቮድካ ነው የሚበጠበጠው። አልኮሉ ቶሎ ይተንና ቀለሙ ብቻውን ይቀራል።

ነጭ ሳህን ያዢ፣ የቀለሙ ድምቀት በትክክል እንዲታይሽ። የክብሪት ጭንቅላት የምታህል ጄል ዳር ላይ አድርጊ፣ መሃል ላይ ቮድካ ጠብ አድርጊ፣ ከዚያ በብሩሽ ትንሽ ትንሽ እየሳብሽ አዋህጂው። ቀጥሎ ያለውን ነው ብዙ ሰው የሚዘለው፦ ብሩሹን ሶፍት ላይ ጠረግ አድርጊ። 40 ከመቶ ቮድካ እኮ የቀረው ውሃ ነው፤ ብሩሹ ከረጠበ ያው ወደ ችግርሽ ተመለስሽ። ሎሚ ኤክስትራክት (በአልኮል የተዘጋጀ የሎሚ ማጣፈጫ) ካገኘሽ ይበልጣል፤ አብዛኛው 80 ከመቶ ገደማ አልኮል አለው። የሎሚ ጭማቂ አላልኩም!

ለወይን ጠጁ ዱቄቱን ምረጪ። ጄል ውስጥ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን ስለሚኖር፣ ለደማቅ ቀለም ሲበዛ ሙሉ ለሙሉ አይደርቅም፤ እጅ ላይ ይቀራል። አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን አታስጠጊው።

የሆቴሉ ጋጋሪ

በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ተሰብስቦ የሚቀረው በውሃው ብቻ አይመስለኝም። ቅባት አለበት። ፎንዳንቱን ስታለሰልሺው እጅሽን የአትክልት ቅቤ ቀብተሽ ነበር? ከሆነ ቮድካ በነካ ሶፍት ላዩን ስስ አድርገሽ ጥረጊው፣ ከዚያ ይድረቅ። የበቆሎ ስታርች ነስንሰሽ ከሆነም በደረቅ ሰፊ ብሩሽ አራግፊው። ኬኩን ፎንዳንት ካለበስሽው በኋላ አሳድሪው፤ ላዩ ጠንከር ይላል፣ ብሩሽም አይሰረጉድበትም።

ጥለቱን ግን ቀጥታ ኬኩ ላይ ባትስዪ ይሻላል። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፎንዳንት ዳምጪና በጥለቱ ስፋት ልክ ረጅም ሪባን ቁረጪ። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ትስያለሽ፣ ከዚያ ኬኩ ላይ ትለጥፊያለሽ። ቢበላሽ የምትጥዪው ሪባኑን ብቻ ነው።

የሃያ ሁለቷ

እዚህ ላይ አልስማማም። ቀለሙ እስኪደርቅ ስትጠብቂ ሪባኑም ይደርቃል፣ ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። እኔ ጥለቱን ወረቀት ላይ እስለዋለሁ፣ ወረቀቱን ኬኩ ላይ አስጠግቼ ማዕዘን ማዕዘኑን በስቴኪኒ ጫፍ ነጥብ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ነጥቡን በብሩሽ ማገናኘት ነው። መርፌ አትጠቀሚ፤ ኬክ ላይ ቢረሳስ?

የሆቴሉ ጋጋሪ

ሲኤምሲ (ፎንዳንትን ቶሎ የሚያደርቅና የሚያጠነክር ዱቄት) ካልጨመሩበት ሪባኑ ቶሎ አይደርቅም፤ በአልኮል የተበጠበጠ ዱቄት ደግሞ ደቂቃዎች ይበቁታል። ለማንኛውም እጅሽ የለመደውን ያዢ።

የደሴዋ

ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሙስሊም ናቸው፤ ለኒካህ ኬክ አልኮል አልጠቀምም። "ይተናል እኮ" ብሎ መከራከር አያስፈልግም፣ ኬኩ የእነሱ ነው። እኔ የምስለው በካካዎ ቅቤ ነው። ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ሳህን ሙቅ ውሃ ያለበት ስኒ ላይ አስቀምጬ እዚያው ዱቄት ቀለም እቀላቅልበታለሁ። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይረጋል። ለቸኮሌት የሚሆን፣ በቅባት የሚዋሃድ ዱቄት መሆን አለበት፤ በውሃ የሚሟሟው ሳይዋሃድ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ጥቅሙ፣ ከተሳሳትሽ ሲረጋ በስቴኪኒ ፈቅፍቀሽ ታነሺዋለሽ።

ፎንዳንቱ ውስጥ ጀላቲን ካለ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነም እይው። ኤክስትራክቱንም እንዲሁ፣ አልኮል ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወርቃማውን ዱቄት በፍጹም እንዳትገዢው! "መርዛማ አይደለም" ማለት "ይበላል" ማለት አይደለም። ለእደ ጥበብ የሚሸጠውም ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። እዚህ አሜሪካ በ2018 ሮድ አይላንድ ውስጥ የልደት ኬክ የበሉ ልጆች አስመለሳቸው። ኬኩ ላይ የነበረው የሮዝ ጎልድ ዱቄት በአብዛኛው መዳብ ሆኖ ተገኘ። የሚበላ ከሆነ ማሸጊያው ላይ "ለምግብ" የሚል ጽሑፍና ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ዝርዝር ይኖረዋል። ማይካ (የሚያብረቀርቅ ማዕድን)፣ ኢ171 ወይም ኢ172 (የምግብ ቀለም መለያ ቁጥሮች) የሚል ታያለሽ። ዝርዝር የሌለውን ተዪው፤ ቢጫና ቡናማ ቀላቅለሽ ብትስዪ ከሩቅ ወርቅ ይመስላል።

አውሮፓ ላላችሁ፣ ነጭ ቀለም ውስጥ የሚገባው ኢ171 ከ2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ምግብ ውስጥ ተከልክሏል። ቀይ ላይ ደግሞ ኢ120 ካያችሁ ከነፍሳት የሚወጣ ነው፤ ለጾም ኬክ አይሆንም።

የገርጂዋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ! ቅባቱ ልክ ነው፣ እጄን ቀብቼ ነው ያሸሁት። ዱቄት ቀለምና ቮድካ እይዛለሁ፣ መርካቶ ያለውን ተውኩት። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቮድካ ከመግዛት ፋርማሲ ያለው 70 ከመቶ አልኮል አይሆንም? ኬኩ ክሬም ስላለው ደግሞ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ ቀለሙ ምን ይሆናል?

የሃያ ሁለቷ

የፋርማሲው አይሆንም። ለቁስል ነው የተሠራው፣ እንዳይጠጣ የሚያደርግ ነገርም ይጨመርበታል። ሳኒታይዘርም ያው ነው። አረቄ ልትዪ እንደሆነም አውቃለሁ፣ ጠረኑ ኬኩ ላይ ይቀራል። ትንሿ የቮድካ ጠርሙስ ትበቃሻለች።

የሆቴሉ ጋጋሪ

ማቀዝቀዣው ያስቸግራል። ኬኩ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ያልበዋል፣ ላቡ ደግሞ ውሃ ነው። ካርቶን ውስጥ ዘግተሽ አስገቢው፤ ስታወጪም ሳትከፍቺ እስኪለዝብ ተዪው፣ ላቡ ካርቶኑ ላይ ይሆናል። መስኮት ዳር አታስቀምጪው፣ ወይን ጠጅ በፀሐይ ይደበዝዛል። እንዲያም ሆኖ ካላበ በጣትም በሶፍትም አትንኪው። ቬንትሌተር አብሪለትና ተዪው፣ ራሱ ይደርቃል።