«ዩዝ ዩር ሎፍ»፦ ዳቦን ከጭንቅላት ምን አገናኘው?

ሆሄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ግንባታና ገበያ አካባቢ የሚወራው ስላንግ፣ የአራዳ ቋንቋ እንደምንለው፣ ላይ እርዳታ ፈልጌ ነው። «ዩዝ ዩር ሎፍ» ሲሉ «ጭንቅላትህን አሠራው» እንደሆነ ከሁኔታው ይገባል፤ «ሎፍ» ግን መዝገበ ቃላት ውስጥ ሙሉ ዳቦ ነው። «ሃቭ ኤ ቡቸርስ» ደግሞ «እስቲ እየው» ነው አሉ፤ «ቡቸር» ሥጋ ሻጭ አይደለም እንዴ? ሕግ አለው ወይስ ዝም ብሎ መሸምደድ ነው? ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው «ኤ ማንኪ»፣ አንድ ጦጣ፣ ብሎ ዋጋ ሲጠራስ ስንት ፓውንድ ነው?

ቃል አዳኝ፦
ሕግ አለው። ራይሚንግ ስላንግ ይባላል፤ ቤት የሚመታ ስላንግ በለው። መጀመሪያ የሚሸፈነው ቃል ይያዛል፤ «ሄድ» እንበል፣ ጭንቅላት። ከዚያ መጨረሻው ከ«ሄድ» ጋር ቤት የሚመታ የታወቀ ሐረግ ይፈለጋል፤ «ሎፍ ኦቭ ብሬድ»። ሰውን የሚያደናግረው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቤት የመታው «ብሬድ» ተጥሎ «ሎፍ» ብቻውን ይቀራል። ቁልፉን የያዘው ቃል አፍ ላይ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የሰማኸውን ቃል ይዘህ መዝገበ ቃላት ብትገልጥ ትደክማለህ፤ የተቆረጠውን ጅራት ነው መልሰህ መቀጠል ያለብህ።

«ቡቸርስ» ሙሉው «ቡቸርስ ሁክ» ነው፣ የሥጋ ሻጭ መንጠቆ። «ሁክ» ከ«ሉክ»፣ ከማየት፣ ጋር ቤት መታ፣ ተቆረጠ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ስ» የብዙ ቁጥር ሳትሆን የባለቤትነት ናት፤ «ኤ ቡቸር» ብትል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የትኛው እንደሚቆረጥ ግን ሕግ የለውም፤ እሱን መሸምደድ ነው። «ቲ ሊፍ»፣ የሻይ ቅጠል፣ ሌባ ነው፤ ሁለቱም ቃል ይነገራል። «ብራውን ብሬድ» ሞቷል ማለት ነው፤ «ብራውን» ብቻ ብትል ማንም አይገባውም። ውሸት የሚባለው «ፖርክ ፓይስ» ደግሞ ተቆርጦም አላበቃ፣ ቅርጹን ለውጦ «ፖርኪስ» ሆኗል። «አፕልስ ኤንድ ፔርስ» ለደረጃ ነው ይባላል፤ የሚገኘው ግን ከደረጃ ላይ ይልቅ ለቱሪስት በሚሸጥ ቲሸርት ላይ ነው።

የድሮ ካርታ፦
መነሻውን ልጨምር። ዘሩ የ1840ዎቹ የለንደን ጎዳና ነው። ጆን ካምደን ሆተን በ1859 ያሳተመው የስላንግ መዝገበ ቃላት ለብቻው ክፍል ሰጥቶታል፤ ከ12 ወይም ከ15 ዓመት በፊት የመጣ ነገር ነው ይላል። የሚናገሩትም በመንገድ እየዘፈኑና እየለፈፉ ወረቀት የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። በጋሪ አትክልት የሚቸረችሩት ደግሞ ሌላ ነበራቸው፤ ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት ያነቡታል፣ እኛ የወፍ ቋንቋ እንደምንለው ያለ ጨዋታ። «ቦይ» በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥ «ዮብ» ይሆናል፤ ዛሬም ስድ ጎረምሳ ዮብ ነው።

ከፖሊስ ለመደበቅ ተፈጠረ የሚለውን ሁሉም ይደግመዋል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ሃያ ዓመት ሳይሞላው በመዝገበ ቃላት የታተመ ምስጢር ምን ዓይነት ምስጢር ነው?

የቦታና የሰው ስምም ይገባበታል። ባርኔት ከለንደን በስተ ሰሜን ያለ የፈረስ ገበያ ነበረው፤ «ባርኔት ፌር» ከ«ሄር» ጋር ቤት መታና ፀጉር ባርኔት ሆነ። የቤልፋስቷ ዘፋኝ ሩቢ መሪ በ1955 በአንድ ሳምንት አምስት ዘፈኖቿ የብሪታንያ 20ዎቹ ምርጥ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ዛሬ «ኤ ሩቢ» ማለት ከሪ ነው፣ የህንዱ ወጥ።

ድልድይ ማዶ፦
ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ቤቱ የሚመታው በለንደን አነጋገር ነው። «ካይበር ፓስ»፣ የተራራ መተላለፊያ ስም፣ መቀመጫን በብልግና መጥራት ነው፤ የሚሠራው «ፓስ»ን «ፓ»ው ላይ ሳብ አድርገው ሲሉት ነው። የሰሜን እንግሊዝ ሰው አጭር አድርጎ ስለሚለው ቤቱ ይፈርሳል።

ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ጅራት የሸፈነው ነውር ነው። «ኮብለርስ» የሚሉት ከንቱ ወሬ ለማለት ነው፤ ሙሉው «ኮብለርስ ኦልስ» ነው፣ የጫማ ሰፊ ወስፌዎች። ቤት የመታበትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ ወንዶች ያውቁታል። «ራዝቤሪ ታርት» ፈስ ነው። ሕፃን ለማሳቅ ምላስን በከንፈር መሃል አውጥቶ «ፕርርር» ማድረግ «ብሎው ኤ ራዝቤሪ» የሚባለው ከዚህ ነው፤ የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ነውሩን ረስተውታል። መስማት ሌላ፣ ለአለቃ መናገር ሌላ።

ማንኪው 500 ፓውንድ ነው። ይሄ ቤት የሚመታው ዓይነት አይደለም፣ የቁማርና የፈረስ ውድድር ገንዘብ ነው። «ፖኒ» 25፣ «ስኮር» 20፣ «ቶን» 100። ጦጣ ያለበት የህንድ 500 ሩፒ ኖት ነበር የሚለው ተረት ነው። መኪናውን ከመጨባበጥህ በፊት ግን ቁጥሩን በወረቀት አስጽፈው፤ «ፖኒ» እና «ማንኪ» አምታተህ 475 ፓውንድ እንዳትበላ።

ሆሄ፦
ተባረኩ። እንግዲህ ልሞክር፦ «ኦን ማይ ቶድ» ብቻዬን ከሆነ፣ የተቆረጠው ከ«ኦን ማይ ኦውን»ው «ኦውን» ጋር ቤት የሚመታ ስም ነው?

ቃል አዳኝ፦
ገባህ። ቶድ ስሎን፣ አሜሪካዊ የፈረስ ጋላቢ።