ከሞአብ እስከ ሊስ ፌሪ፦ መጽሐፍ ይዞ በዩታ ገደላ ገደል መጓዝ

ሰላም ለማኅበራችን አባላት በሙሉ። የዴንቨር አካባቢ ነዋሪ የሆኑት እኅታችን «የኤድዋርድ አቢን መጽሐፍ አንብቤ ጨረስሁ፤ የሚተርክበትን አገር በመኪና ተከትሎ ማየት ይቻላል ወይ? ከሥራና ከልጆች ተርፎ ለዚህ ጊዜ መስጠትስ ተገቢ ነው ወይ?» ብለው ላነሱት ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ለመመለስ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ይቻላል፣ ተገቢም ነው። አብዛኞቻችን ይህችን አገር የምናውቃት በሥራ ገበታችን፣ በአውራ ጎዳናዎቿና በአውሮፕላን ማረፊያዎቿ በኩል ነው። ትራክ የሚነዱ ወንድሞቻችን እንኳ በአይ-70 ላይ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ያለውን፣ ማደያ የሌለበትን ከ170 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ስንት ጊዜ ሲያቋርጡ፣ ከመንገዱ በስተደቡብ የተዘረጋው ምድር የማን እንደነበረ፣ ውኃው ወዴት እንደሚሄድና ስለ እርሱ ምን ዓይነት ክርክር እንዳለ ለማወቅ ፋታ አያገኙም። አንድን አገር መኖሪያ ካደረጉ በኋላ፣ ተወላጆቹ ስለ ምድራቸው የተሟገቱበትን መጽሐፍ ማንበብና መጽሐፉ የሚጠራቸውን ስፍራዎች ረግጦ ማየት፣ ለዜግነት ፈተና ከምንሸመድዳቸው ጥያቄዎች ይልቅ አገሩን ያሳውቃል ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁት ጥቂት ልበል። አቢ በ1927 በፔንሲልቬንያ የተወለደ ሲሆን፣ በ1956 እና በ1957 በዩታ፣ ሞአብ ከተማ አጠገብ፣ ያን ጊዜ ገና ብሔራዊ ፓርክ ባልሆነው በአርችስ ወቅታዊ የፓርክ ጠባቂ ሆኖ አገልግሏል። ባላንስድ ሮክ ከሚባለው ቋጥኝ ብዙም ሳይርቅ በቆመች ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። የእነዚያን ወቅቶች ማስታወሻ እንደ አንድ ወቅት አዋሕዶ በ1968 «ዴዘርት ሶሊቴር» በሚል ርእስ አሳተመው። በመግቢያው ላይ አንባቢው መጽሐፉን ይዞ መኪናው ውስጥ እየዘለለ እንዳይመጣ ያሳስባል፤ የጻፈው ነገር አብዛኛው ጠፍቷል ወይም እየጠፋ ነውና፣ ከመኪና ሳይወርዱም ምንም አይታይምና። ስለዚህ የእርሱን ዱካ የሚከተል ሰው ሁለት ነገር ይዞ መሄድ አለበት፤ አንዱ ከመኪናው ለመውረድ መቍረጥ ነው፣ ሌላው የጠፋው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

ስለ አቢ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እኛን በቀጥታ ስለሚመለከት ግልጽ አድርጌ ላንሳው። አቢ በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ የሚደረገው ስደት፣ በተለይም ከደቡብ በኩል የሚመጣው፣ እንዲቆም የሚጠይቅ ጽሑፍ ጽፏል፤ ይህም በ1988 በወጣው የድርሰቶቹ ስብስብ ውስጥ ታትሞ ይገኛል። ምክንያቱን የሕዝብ ብዛትና የምድሩ መጨናነቅ ያድርገው እንጂ፣ ስለሚመጡት ሰዎች የተጠቀመበት ቃል የሚያዋርድ ነው። እንግዲህ እኔና እኅታችን በእጃችን ይዘን የምንሄደው መጽሐፍ ጸሐፊ፣ በሩ ላይ ቢቆም ኖሮ እኛን የሚያስገባ ሰው አልነበረም። ይህን ያወቁ አንዳንድ ወዳጆቼ «ታዲያ ለምን ታነበዋለህ?» ይሉኛል። የማነበው ምድሪቱን በጥንቃቄ ማየት ስለሚያስተምር ነው፤ ድንጋዩን፣ ጥዱን፣ እባቡን፣ የቀትር ሙቀቱን የሚያይበት ትዕግሥት በሌላ ዘንድ በቀላሉ አይገኝም። ደግሞም ምድሪቱ የእርሱ ርስት አልነበረችም፤ እርሱም ራሱ ከሩቅ መጥቶ፣ በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥሮ፣ ዩቶችና ናቫሆዎች የሚባሉት ነባር ሕዝቦች፣ ከእነርሱም በፊት የፑዌብሎ ሕዝቦች ቅድመ አያቶች የኖሩባትን ምድር የወደደ መጤ ነበር። እንደዚያ መውደድ ለእርሱ ከተፈቀደለት ለእኛ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከዴንቨር ለሚነሣ ሰው ሞአብ በአይ-70 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ዩታ ከገቡ በኋላ አውራ ጎዳናውን ትቶ በመንገድ 128 መውረድ ይሻላል። ይህ ጠባብ አስፋልት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አብዛኛውን የኮሎራዶን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ በግራና በቀኝ እየቆመ ሞአብ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ከከተማው በስተሰሜን፣ ከመንገድ 191 ጎን፣ ወንዙ አፋፍ ላይ የሚታየው ሰፊ የአፈር ሥራ የአርኪኦሎጂ ቁፋሮ እንዳይመስላችሁ፤ የድሮው የዩራኒየም ፋብሪካ የተወው 16 ሚሊዮን ቶን ያህል ዝቃጭ የነበረበት ቦታ ነው። ከ2009 ጀምሮ በባቡር እየተጫነ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ከወንዙ ርቆ እንዲቀበር ሲደረግ ቆይቷል። አቢ ስለ ዩራኒየም ፈላጊዎች የጻፈውን ምዕራፍ እዚያ ቆሞ ማንበብ ነው።

አርችስን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሁሉም የሚያውቀው ስፍራ ነው። ከ2,000 በላይ የተፈጥሮ ቅስቶች አሉበት፤ በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይገባበታል። በመጽሐፉ ውስጥ የመንገድ ቀያሾች መጥተው የተከሏቸውን ችካሎች አቢ በጨረቃ ብርሃን እየነቀለ የጣለበት ትረካ አለ፤ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚነዳበት አስፋልት የዚያ ቅየሳ ውጤት ነው፣ እኛም የምንገባው በእርሱ ነው። እንግዲህ ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል። ወደ ዴሊኬት አርች የሚወስደው የእግር መንገድ ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥላ የለውም፣ አብዛኛው በገላጣ ድንጋይ ላይ ሽቅብ የሚኬድ ነው፣ ስለዚህ በማለዳ ይጀመር።

የጉዞው ልብ ያለው ግን ከዚያ በስተደቡብ ነው ባይ ነኝ። ከብላንዲንግ ወደ ምዕራብ በመንገድ 95 ሲጓዙ፣ በ1908 የዩታ የመጀመሪያው ብሔራዊ ሐውልት (ጥበቃ የሚደረግለት የተፈጥሮ ስፍራ) ሆኖ የተከለለው ናቹራል ብሪጅስ ይገኛል፤ ከዚያ ነጩን ገደል እየተከተሉ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ያለው ሃይት ይደረሳል። አቢ የግሌን ካንየን ግድብ ከመዘጋቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከአንድ ወዳጁ ጋር በትናንሽ የጎማ ጀልባዎች ግሌን ካንየንን የወረደው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ በመጽሐፉም ረጅሙና ውብ የሆነው ምዕራፍ ይኸው ነው። የግሌን ካንየን ግድብ ሥራ በ1956 ተጀመረ፤ በሮቹ በ1963 ተዘጉ፤ ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመው የፓወል ሐይቅ እስኪሞላ 17 ዓመት ፈጀበትና በ1980 ሞላ። የድሮዋ ሃይት፣ የጎን ሸለቆዎቹ፣ በግድግዳዎቹ ላይ የተቀረጹት ሥዕሎችና የጥንት ሰዎች የጎተራ ፍርስራሾች ውኃ ዋጣቸው። ከዚያ ድርቁ መጣ። በ2023 መጀመሪያ የፓወል ሐይቅ ከሞላበት ጊዜ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወርዶ ነበር።

ዛሬ ሃይት ላይ ያለው የጀልባ ማውረጃ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ያሳያል። ሰፊ የኮንክሪት ቁልቁለት ነው፤ መኪና ጀልባ እየጎተተ ወደ ኋላ እንዲወርድበት መስመር መስመር ተደርጎ የተሠራ። ወደ ታች እየወረዱ ሲሄዱ ኮንክሪቱ በድንገት ያልቃል፣ ከጫፉ በታች የተሰነጣጠቀ ደለልና የታማሪስክ ቍጥቋጦ ብቻ ይታያል፣ ውኃው ግን የለም። ራቅ ብሎ፣ በራሱ ያመጣውን ደለል እንደገና እየቦረቦረ የሚያልፍ ቡናማ ወንዝ አለ። በሐይቁ ዳርቻ ባሉት ቀይ ግድግዳዎች ላይ ውኃው የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳይ ነጭ ቅብ የመሰለ የማዕድን ቅሪት ይታያል። አቢ ለሙት እንደሚለቀስ ያለቀሰለት ሸለቆ በከፊል ከውኃ ውስጥ ተመልሶ ብቅ ብሏል፤ እርሱ በ1989 ስለሞተ ይህን አላየም።

ምክንያቱ ድርቅ ብቻ አይደለም። በ1922 ሰባቱ ግዛቶች የወንዙን ውኃ የተከፋፈሉበት ስምምነት የተደረገው ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ልኬት ላይ ተመሥርቶ ስለነበር፣ በወረቀት ላይ የተከፋፈለው ውኃ ወንዙ ዘወትር ከሚያመጣው ይበልጣል። ዛሬ 40 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከዚህ ወንዝ ይጠጣል፤ ወንዙም ባሕር ሳይደርስ ያልቃል። ዴንቨር፣ ላስ ቬጋስ፣ ፊኒክስ፣ ሎስ አንጀለስ የምንኖር ሁላችን ቧንቧችንን ስንከፍት የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ነን፤ ስለ ውኃ ድርሻ የሚደረገውን ድርድር እንደ ሩቅ ዜና መስማታችን ያሳዝነኛል።

ከሃይት ወደ ኋላ ተመልሶ በመንገድ 261 ወደ ደቡብ ሲወረድ ሞኪ ደግዌይ የሚባለው ቁልቁለት ይጠብቃል። በ1950ዎቹ የዩራኒየም ማዕድን ለማመላለስ ከገደሉ ላይ የተቈረጠ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠር መንገድ ነው፤ ከ330 ሜትር በላይ ከፍታ በጥቂት ጠመዝማዛ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ታች ሲደርሱ ወንዙ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ወንዙን ለማየት ጥቂት ነድቶ ጉዝኔክስ ወደሚባለው የግዛት ፓርክ መሄድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ሳን ኋን ወንዝ በ300 ሜትር ጥልቀት ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ በቀጥታ ቢለካ ከ3 ኪሎ ሜትር የማይበልጠውን ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ያህል አድርጎ ይሄደዋል። የኪራይ መኪና የያዛችሁ ውላችሁን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ብዙዎቹ ውሎች አስፋልት ባልሆነ መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላሉ።

ከሜክሲካን ሃት በኋላ የሚገባበት የናቫሆ ብሔር ምድር ነው። ስፋቱ ከዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ይበልጣል፤ የራሱ መንግሥት፣ ፖሊስና ሕግ አለው። በምድሩ ላይ የአልኮል መጠጥ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትም ነውር ነው። አቢ ስለ ናቫሆዎች የጻፈው ርኅራኄ ቢኖረውም ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ የሞኑመንት ቫሊን ናቫሆ አስጎብኚዎች ማዳመጥ ይበልጣል። ኮሎራዶና ሳን ኋን ድንበራቸውን ታክከው እያለፉ፣ ብዙ የናቫሆ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ የቧንቧ ውኃ የላቸውም፤ ከሩቅ ቦታ በበርሜል እየጫኑ ያመጣሉ። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የፌዴራል መንግሥት ለናቫሆዎች ውኃ ለማስገኘት ራሱ እርምጃ የመውሰድ የውል ግዴታ የለበትም ብሎ ወስኗል። በጀርባ ውኃ የሚቀዳበትን አገር የምናውቅ ሰዎች ይህን በቀላሉ ማለፍ የለብንም።

በአሪዞና ግዛት ያለችው ፔጅ ከተማ ሲደረስ ግድቡ ራሱ አለ፤ ቁመቱ 216 ሜትር ነው። ከእርሱ ወርዶ ሊስ ፌሪ ላይ ወንዙ እንደገና ነጻ ሆኖ ይፈስሳል፤ ቀለሙ ግን ደለሉን ሐይቁ ስላስቀረው አረንጓዴ ነው፣ ውኃውም ከግድቡ ጥልቅ ስለሚወጣ ቀዝቃዛ ነው። በ1869 ጆን ዌስሊ ፓወል፣ ቀኝ እጁን በጦርነት ያጣው ሰው፣ ከዋዮሚንግ በአራት ጀልባ ተነሥቶ በዚህ አልፏል፤ ከአሥሩ ተጓዦች ጉዞውን የፈጸሙት ስድስቱ ናቸው። ፓወል ደረቁ ምዕራብ የያዘው ውኃ ለመሬቱ ሁሉ እንደማይበቃ አስቀድሞ ሲያስጠነቅቅ የኖረ ሰው ነው፤ ትልቁ ሐይቅ በእርሱ ስም መጠራቱ ለእኔ የሚያስቆጭ ነው።

አሁን እኅታችን በተለይ ስለጠየቋቸው ተግባራዊ ነገሮች። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ያዙ። ከብላንዲንግ እስከ ሃንክስቪል ባለው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነዳጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትታመኑ፤ ሞልታችሁ ተነሡ። የሚመረጡት ወራት ኤፕሪል፣ ሜይ እና ኦክቶበር ናቸው። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ደራሽ ጎርፍ አለ፤ እናንተ ባላችሁበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ከሩቅ ከዘነበ ዝናብ ይመጣል። በኦገስት 1997 ፔጅ አጠገብ በሚገኘው አንቴሎፕ ካንየን 11 ሰዎች የሞቱት እንዲህ ነው። ስለዚህ የዕለቱን ትንበያ ከፓርክ ጠባቂዎች ሳትጠይቁ ወደ ጠባብ ሸለቆ ልጆች ይዛችሁ አትግቡ።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ ዕድሜያቸው 62 የሞላና ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የፌዴራል ፓርኮች መግቢያ ካርድ ያገኛሉ፤ በአንድ መኪና አብረዋቸው ያሉትንም ያስገባል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በልጁ ስም ነጻ የዓመት መግቢያ ማውጣት ይችላል። እነዚህ ካርዶች ግን ሞኑመንት ቫሊ ላይ አይሠሩም፤ እዚያ ለናቫሆ ብሔር የሚከፈለው ለብቻው ነው። የአስጎብኚ ቀጠሮ የያዛችሁ ሰዓታችሁንም ልብ በሉ፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ የናቫሆ ምድር ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲያሻግር ሌላው አሪዞና አያሻግርምና፣ በናቫሆ ምድር ባለችው ካየንታ ላይ አራት ሰዓት ሲሆን ፔጅ ላይ ገና ሦስት ሰዓት ነው።