እማዬ ወረቀት ላይ «ትራውማ» ተጽፏል፣ ምን ማለት ነው? ቶሎ በሉልኝ!

ሶስና፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አሁኑኑ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። እማዬ ማታ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ሐኪም ቤት አድራ ጠዋት አሰናበቷት። ወረቀቱ ላይ «ብለንት ሄድ ትራውማ» ይላል። አክስቴ ትራውማ የምትለዋን አንብባ «እህቴ አእምሮዋ ተነካ» ብላ ቤቱን ለቅሶ ቤት አደረገችው፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ነው። እማዬ ራሷ ግን ቁጭ ብላ ቡና እየጠጣች ነው። ምን ልበላቸው?

ዳኒ የሰሚቱ፦ ትራውማ? እኔ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከወጣ ቀን ጀምሮ አለብኝ 😂 እግዜር ይማራቸው።

ቢኒ፦ ጎግል ላይ አስተርጉሚው።

መዝገቡ፦ ቃሉ የግሪክ ነው። በጥንቱ ግሪክ ትራውማ ማለት ቁስል ነው፣ የጦር፣ የሰይፍ ቁስል። እንግሊዝኛ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሐኪሞች አፍ ሲወስደውም የሥጋ ጉዳት ነበር። ወደ አእምሮ ያሻገረው ባቡር ነው ብትባሉ ታምናላችሁ? እንግሊዝ አገር ባቡር ሲጋጭ አንድ ጭረት ሳይነካቸው የወጡ ሰዎች በኋላ እንቅልፍ ያጡ፣ ይንቀጠቀጡ ነበር። ጆን ኤሪክሰን የሚባል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1866 «አከርካሪያቸው ተናውጦ ነው» ብሎ ጻፈ። በ1889 ደግሞ ጀርመናዊው ሄርማን ኦፐንሃይም ይህን ዓይነቱን ሕመም ከትራውማ ጋር አያይዞ መጽሐፍ አወጣበት። ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች እንዲሁ እየተንቀጠቀጡ መጡ። ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚቆይ የአእምሮ ሕመም፣ አሜሪካኖቹ የአእምሮ ሕመም መዝገብ ውስጥ የገባው ገና በ1980 ነው። ስለዚህ የአክስትሽ ትርጉም አዲሱ ነው፣ የሐኪሙ አሮጌው።

ዳኒ የሰሚቱ፦ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ደረጃ ላይ ነው የወደቁት፣ ባቡር አልገጫቸውም።

ሕሊና፦ ይቅርታ ግን ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ሳይኮሎጂ ነው የምማረው፣ ትራውማ የስሜት ጉዳት ነው። ለአካል ከሆነ ኢንጁሪ ነው የሚባለው። ሐኪሙ ትራውማ ካለ እናትሽን የሚያናግራቸው ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሲስተር ዓለም፦ ሕሊናዬ፣ አቤት ሆስፒታልን ታውቂው የለ? ስሙ ከእንግሊዝኛ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፣ የመጨረሻዋ ቲ ትራውማ ናት። እዚያ የሚገባው በመኪና የተገጨና የተቃጠለ ሰው ነው። ድንገተኛ ክፍል ስንሠራ ትራውማ ማለት በአደጋ የመጣ ጉዳት ነው፣ በቃ። ሶስና፣ ብለንት ማለት ደግሞ ምቱ ቆዳ በስቶ አልገባም፣ እንደ ቢላ ወይ ጥይት አይደለም ማለት ነው። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመተዋል፣ ይኸው ነው የተጻፈው። አክስትሽን አረጋጊያቸው። አሁን ዋናውን ንገሪኝ፦ ሲቲ ስካን ተነሥተዋል? ስንት ዓመታቸው ነው? የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ?

ሶስና፦ እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር!! 68 ናት። ራጅ ይሁን ሲቲ አላውቅም፣ አንድ ነገር አንሥተዋታል። ለልቧ የምትውጠው ኪኒን አለ፣ ስሙን ግን አላውቀውም። ለሐኪሙም አልነገርነውም፣ አልጠየቀንም።

ሲስተር ዓለም፦ ሂጂና ካርቶኑን አንብቢው። ዋርፋሪን ከሆነ ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤቱ ይዘሻቸው ተመለሺ። ባይኖርስ ብለሽ አትዘናጊ፣ ደሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል። ቡና እየጠጡ ነው ማለት ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ዛሬ ሌሊት ብቻቸውን አይደሩ። ካስመለሳቸው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ አንድ እጅ ከደከመ፣ ወይም አልነቃ ካሉ በቀጥታ ድንገተኛ። ለሕመሙም ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ምናምን ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው።

ሕሊና፦ እሺ፣ ግን ከአደጋ በኋላ ድንጋጤም አለ እኮ፣ እሱም መታየት አለበት።

ሲስተር ዓለም፦ አለ፣ ማን የለም አለ። መጀመሪያ ደሙን እንይ።

ቢኒ፦ ጎግል ትራንስሌት ላይ «ጉዳት» ነው የሚለው፣ አሁን አየሁት።

መዝገቡ፦ ዉንድ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ቁስል ማለት፣ ደግሞ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው፣ ከፈለጋችሁ እሱንም...

ዳኒ የሰሚቱ፦ ጋሼ ይቆየን በናትህ። ሶስና፣ ኪኒኑ ምንድን ነው የሚለው?

ሲስተር ዓለም፦ ሶስና? ፎቶውን ላኪልኝ።