አስቸኳይ፦ ሲዲኤንኤ ከተነጠለ ዲኤንኤ በምን ይለያል?

ሕሊና፦
እባካችሁ ድረሱልኝ፣ የማቀርበው ነገ ጠዋት ነው። ሚሪያድ በሚባለው የጂን ምርመራ ኩባንያ ላይ የተሰጠው ፍርድ ላይ ተጣብቄያለሁ። ከሰውነት ተነጥሎ የወጣ ዲኤንኤ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አይሰጠውም፣ ሲዲኤንኤ (ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ የጂን ቅጂ) ግን ይሰጠዋል ይላል። ሁለቱም ያው ጂን አይደሉም እንዴ?

ዳኛቸው፦
ከሕጉ ጀምሪ እህቴ። የተፈጥሮ ውጤት ፓተንት አይሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1980 በቻክራባርቲ ጉዳይ ድፍድፍ ዘይት የሚያፈራርሰው ባክቴሪያ የተፈቀደለት፣ በተፈጥሮው የሌለው ባሕርይ በሰው እጅ ስለተጨመረበት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ሚሪያድንም የመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። መርሁን ሳይዙ ወደ ሞለኪውል መሮጥ ትልቅ ስህተት ነው።

ሕሊና፦
መርሁ ገብቶኛል። ያልገባኝ ሞለኪውሉ ነው።

ላብ_ጠረጴዛ፦
ይህን ስላይድሽ ላይ ከላይና ከታች ጻፊው፦

ጂኑ፦ ኤክሶን–ኢንትሮን–ኤክሶን–ኢንትሮን–ኤክሶን
ሲዲኤንኤ፦ ኤክሶን–ኤክሶን–ኤክሶን

የፕሮቲኑን መመሪያ የያዙት ኤክሶኖቹ ናቸው። ሴሉ ጂኑን አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ከገለበጠ በኋላ በመሀል ያሉትን ኢንትሮኖች ቆርጦ ያወጣል፣ ኤክሶኖቹን ይገጣጥማል፤ ኤምአርኤንኤ የምንለው ይህ ነው። ሲዲኤንኤ የሚሠራው ከኤምአርኤንኤው ተነስቶ ነው፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚባል ኢንዛይም መልሶ ወደ ዲኤንኤ ይጽፈዋል። በፍርዱ ላይ እንደተጻፈው፣ ከጉዳዩ ሁለት ጂኖች አንዱ የሆነው ቢአርሲኤ1 80,000 ያህል ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ ፊደል) ነው፤ ኤክሶኖቹ ብቻ ሲቆጠሩ 5,500 ያህል። የተነጠለው ዲኤንኤ ግን ጫፍና ጫፉ ተበጥሶ ወጣ እንጂ ቅደም ተከተሉ አልተነካም።

ቃልኪዳን፦
በአጭሩ ሲዲኤንኤ ኢንትሮን የለውም። ኢንትሮን ማለት ፊልም መሀል የሚገባ ማስታወቂያ ነው በያቸው፣ ክፍሉ ወዲያው ይገባዋል።

ላብ_ጠረጴዛ፦
ማስታወቂያ አትበይ። ኢንትሮንና ኤክሶን የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ፊደል ቢለወጥ መቁረጡ ይዛባል፣ ፕሮቲኑም ይበላሻል። በቢአርሲኤ1 ለካንሰር ከሚያጋልጡት ለውጦች አንዳንዶቹ እዚያ ነው ያሉት።

ምስክር፦
ጥያቄሽ ራሱ ይስተካከል። ፍርድ ቤቱ «ሲዲኤንኤ ፓተንት ይሰጠዋል» አላለም። የተፈጥሮ ውጤት ስላልሆነ በዚያ ምክንያት ብቻ አይከለከልም ነው ያለው፤ አዲስነቱና የሌሎቹ መስፈርቶች ጉዳይ ገና ክፍት ነው። ሌላም አለ፦ በጣም አጭር ቁራጭ ከሆነና መሀሉ ኢንትሮን ከሌለ፣ ሲዲኤንኤው ከተፈጥሮው ስለማይለይ ይከለከላል። መምህር የሚይዝሽ እዚህ ጋ ነው።

ሕሊና፦
ኢንትሮኑን የሚቆርጠው ሴሉ ከሆነ፣ የሲዲኤንኤውም ቅደም ተከተል ከተፈጥሮ የመጣ አይደል?

ምስክር፦
የከሳሾቹ ክርክር ይኸው ነበር። ፍርድ ቤቱ «ቅደም ተከተሉን ተፈጥሮ ወስኖታል፣ ሞለኪውሉን ግን የላብራቶሪ ባለሙያው አዲስ ሠርቶታል» በሚል መንፈስ አለፈው። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 ተቃራኒውን ያዘ፤ ዋናው ነገር ጂኑ የተሸከመው መረጃ ነው ብሎ ለሲዲኤንኤም አልፈቀደም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቢ። በአሜሪካው ፍርድ ዳኛ ስካሊያ በውጤቱ ተስማምተው የሞለኪውል ባዮሎጂውን ዝርዝር ግን በራሳቸው እውቀት ማረጋገጥ እንደማይችሉ ገልጸው እንደተለዩም ጨምሪ፤ የሕግ ሰው ሳይንስ የሚማርበትን ምክንያት ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ላብ_ጠረጴዛ፦
ቢአርሲኤ1 ክሮሞዞም 17 ላይ፣ ሁለተኛው የጉዳዩ ጂን ቢአርሲኤ2 ክሮሞዞም 13 ላይ ነው። እንዳታገላብጫቸው።